ለጀውሀራ እጅ ብቻ

ደብዳቤው ከአጋሮ ተነሥቶ ጁባ እስኪደርስ አሥራ አንድ ቀን ፈጀበት። ጀውሀራ እጅ ከገባ በኋላ ደግሞ ሳይከፈት አምስት ቀን ሰነበተ።

ያመጣው ከማሉዲን ነው፤ የባሏ የሳሊሕ የአገሩ ልጅ፣ ጁባ ታውን ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግድ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሳሊሕ መደብር እንዳለ እያወቀ፣ አትላባራ ሰፈር ወዳለው ቤታቸው መጣ። ግባ አለችው፤ አልገባም። ውኃ ሰጠችው፤ ቆሞ ጠጣ። ከዚያ ፖስታውን በሁለት እጁ አቀበላትና፣ ዓይኑን መሬት ላይ እንደተከለ፣ እማማ ሺፋ ልጃቸው እንዳያየው አደራ ማለታቸውን ነግሯት ሄደ።

ፖስታው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ለጀውሀራ እጅ ብቻ» የሚል ተጽፎበታል። እማማ ሺፋ፣ የሳሊሕ እናት፣ ፊደል አልቆጠሩም፤ የጎረቤት ተማሪ ጽፋላቸው መሆን አለበት። በየሳምንቱ የሚደውሉ ሴት ስልኩን ትተው ደብዳቤ ማስጻፋቸው፣ ያውም ከልጃቸው ተደብቀው፣ ለጀውሀራ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው። ከተጋቡ አራት ዓመት ሞላቸው። ልጅ የለም። አማት ለምራቷ በድብቅ የምታስጽፈው ሌላ ምን ይኖራል?

ደግሞም በገዛ ጆሮዋ የሰማችው ነገር አለ። ከሁለት ሳምንት በፊት ሳሊሕ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ቆሞ ከእናቱ ጋር በስልክ ሲያወራ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይሄን ነገር ጀውሀራ እንዳትሰማ፤ ልቧ ይሰበራል» ሲል ሰምታዋለች። ያኔ የገባት መስሏት ነበር። ሁለተኛ ሚስት ተገኝታለች።

ፖስታውን የሥራ ቦርሳዋ የኋላ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦርሳው የደንጋይ ያህል ከበዳት።

ጀውሀራ የዳኛ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ተወልዳ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ በአንድ የውጭ እርዳታ ድርጅት የግዥ ኃላፊ ሆና ነው ጁባ የመጣችው። ሳሊሕ ደግሞ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ገና በለጋነቱ ድንበር የተሻገረ፣ ሳሙናና ዘይት፣ ጀሪካንና ፍራሽ በጅምላ የሚያከፋፍል ነጋዴ ነው። የተዋወቁት ለተፈናቃዮች መጠለያ የሚሆን ጀሪካን ልትገዛ መደብሩ የሄደች ቀን ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ውል ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት። እሱም ሳያፍር፣ እንግሊዝኛ እንደማያነብ፣ እሷ አንብባ የምትነግረውን ግን እንደሚያምን ነገራት። አራት ገጽ ሙሉ እየተረጎመች አነበበችለት። ቀና ባለች ቁጥር ዓይኑን የምታገኘው ወረቀቱ ላይ ሳይሆን እሷ ላይ ነው፤ ስትይዘው ደግሞ ዓይኑን አይሰብርም። ቢሮዋ ደርሳ ስታየው አንዱ ገጽ ሳይፈረም ቀርቷል። እሷ ዘንግታ ይሁን እሱ ሆን ብሎ፣ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። በማግስቱ ግን ተመልሳ ሄደች።

አባቷ ነገሩን ሲሰሙ፣ ይህን ያህል ያስተማርኳትን ልጅ ለሳሙና ነጋዴ አልሰጥም ብለው ዓመት ከመንፈቅ እምቢ አሉ። እማማ ሺፋም በበኩላቸው፣ ቢሮ የምትውል ሴት ትዳር አትይዝም ባይ ነበሩ። ኒካሁ ሲታሰር ከሙሽሮቹ በቀር ፊቱ የፈካ ሰው አልነበረም።

ሕመሙ ከጥንትም አብሯት ነበር፤ ስም አልነበረውም እንጂ። የወር አበባዋ ሲያሻው በሦስት ወር፣ ሲያሻው በአምስት ወር ይመጣል። አገጯ ሥር የሚበቅሉትን ጥቁር ፀጉሮች ጠዋት ጠዋት የመታጠቢያ ቤቱን በር ቆልፋ በወረንጦ ትነቅላለች። ምግብ ብትቀንስ ሰውነቷ አይቀንስላትም። በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት ስሙን የነገረቻት ዶክተር ኒያማል ናት፤ ጋምቤላ አድጋ፣ ጅማ ሕክምና ተምራ ወደ አገሯ የተመለሰች ደቡብ ሱዳናዊት፣ አማርኛዋ ከጀውሀራ አማርኛ የማይተናነስ። «ፒሲኦኤስ ይባላል» አለቻት። የአልትራሳውንዱን ስክሪን ወደ እሷ አዙራ፣ እንቁላል የሚያፈራው እንቁልጢዋ ዙሪያ የተደረደሩትን ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች አሳየቻት። እያንዳንዷ ነጠብጣብ እንቁላል የያዘች፣ ማደግ ጀምራ ግማሽ መንገድ ላይ የቆመች ከረጢት ናት። የጠፋው እንቁላሉ አይደለም፤ የሚበስለው ነው። ብዙ ሴቶች ላይ ያለ፣ እርግማንም ቅጣትም ያልሆነ ነገር መሆኑን አስረዳቻት።

ዘንድሮ ደግሞ ለአምስት ቀን የሚዋጥ ኪኒን አዘዘችላት፤ የወር አበባዋ በመጣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ምርመራ። አንደኛው ዙር አለፈ፤ አንድም አልበሰለም። ሁለተኛውም እንደዚያው። በሦስተኛው ዙር መጠኑ ተጨመረ። የመጨረሻዋን ኪኒን የዋጠችው ከማሉዲን ፖስታውን ይዞ በመጣበት ሐሙስ ነበር።

በእነዚያ አምስት ቀናት ቤቱ ውስጥ ቃል ጠፋ። ሳሊሕ ምን ሆንሽ ሲላት፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው ትለዋለች። እሑድ ዕለት ከወንዝ ዳር ትኩስ ዓሣ ገዝቶ፣ ቅመሙን ራሱ አሽቶ፣ ራሱ ጠብሶ አቀረበላት። አልራበኝም አለችው። ለብቻው ይበላል ብላ ነበር፤ አልበላም። ሳህኑን በሌላ ሳህን ከድኖ ተቀመጠ። ያን ሳህን ስታይ ልቧ ሊከዳት ደርሶ ነበር፤ ግን ሰው ሊለየው ያሰበውንም ይራራለታል ብላ ራሷን አጸናች።

ማክሰኞ ጠዋት እሱ ሲታጠብ ወረቀት ላይ አምስት መስመር ጻፈች። «ሳሊሕ፣ የእናትህን ነገር ሰምቻለሁ። እኔ መንገድህ ላይ አልቆምም። አግባ፣ ውለድ። ምንም አላጎደልክብኝም፤ ያጎደልኩት እኔ ነኝ። ወደ አባቴ ቤት እመለሳለሁ።» አጥፋ ከመኪናው ቁልፍ ሥር አስቀመጠችውና ሳትሰናበተው ወጣች። የምርመራ ቀጠሮዋ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ለምን እንደምትሄድ እሷም አታውቅም ነበር፤ እግሯ ለምዶት እንጂ።

ዶክተር ኒያማል ብዙ ጊዜ እየመረመረች ታወራለች። ያን ቀን ግን ጀምራው የነበረውን ወሬ መሃል ላይ ተወችው። መሣሪያውን መለስ አደረገች፣ ቀስ ብላ አዘነበለችው፣ በስክሪኑ ላይ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ መስመር ሳበች፣ ለካች።

«ሃያ አንድ ሚሊሜትር» አለች በዝግታ። «ጀውሀራ፣ ቀና በይና እዪ።»

ቀና አለች። እነዚያ ጥቃቅን ነጠብጣቦች እንደነበሩ አሉ። በመሃላቸው ግን አንዲት ብቻ፣ ድፍን ክብ፣ ጥርት ያለች ጥቁር፣ ሙሉ ሆና ቆማለች። ዝናብ አርግዛ ልትዘንብ የደረሰች ደመና ትመስላለች። ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምራ ከዚህ ሰውነት ጋር ተጣልታለች። ጠልታዋለች፣ ሸፍናዋለች፣ በወረንጦ ቀጥታዋለች። ሰውነቷ ግን በእነዚህ አምስት ቀናት፣ እሷ አኩርፋ እህል አልቀምስ ስትል፣ ማንም ሳያየው ይህን ሲሠራላት ሰንብቷል። ብትነካት የምትሰበር መስሏት ፈርታ እጇን ሆዷ ላይ ማሳረፍ እንኳ አልደፈረችም።

ዶክተሯ ምስሉን በወረቀት አትማ ሰጠቻት። «ዕድሉ ዛሬና ነገ ነው» አለቻት። «እንቁላሏ ብዙ አትጠብቅም። ሳሊሕ ከተማ ውስጥ አለ አይደል?»

ጀውሀራ ሳቅም ልቅሶም ያልሆነ ድምፅ አወጣች። ከሁለት ሰዓት በፊት የለቀቀችውን ሰው ነበር የጠየቀቻት።

ከክሊኒኩ ወጥታ ግቢው ውስጥ ካለው የእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ወደ እሱ መሄድ አለባት። ግን ምን እንደተፈረደባት ሳታውቅ አትሄድም። ፖስታውን ከቦርሳዋ አወጣችና ቀደደችው።

«ልጄ ጀውሀራ፣ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ይህን ሳስጽፍ አፍሬ ነው። ሳሊሕ ከሁለት ዓመት በፊት ነግሮኛል። እህቶቼ የአንዲት ልጅ ፎቶ ልከውለት አግባት ሲሉት፣ እማ፣ ልጅ የማይወልደው እኔ ነኝ፣ ሌላዋንም ሴት ለምን አስለቅሳለሁ ብሎ ነገረኝ። እኔ ለእህቶቼ ነገርኩ፤ እነሱ ለአገሩ ነገሩ። ባለፈው ዒድ ስትመጡ ወንዶቹ ሲቀልዱበት አንገቱን ደፍቶ ሲስቅ አይቼው አንጀቴ ተቃጥሏል። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ የዳኛ ልጅ ነሽ፣ ጤነኛ ነሽ። ትተሽው ብትሄጂ ማንም አይፈርድብሽም። በቀደም በስልክ፣ ጀውሀራን ልለምናት ብለው፣ እንዳትሰማ፣ ልቧ ይሰበራል አለኝ። ስለዚህ ተደብቄ ነው። ልጄን አትተይብኝ። እኔ ቢሮ የምትውል ሴት ያልኩትን አፉ በይኝ። እናትሽ ሺፋ።»

ሁለቴ አነበበችው። በሦስተኛው ላይ ፊደሎቹ አልታይ አሏት።

ያ ዒድ ትዝ አላት። ድንኳን ውስጥ የተቀመጡ ወንዶች፣ አንዱ ሳሊሕን ጀርባውን መታ መታ አድርጎ የሆነ ነገር ሲለው ሁሉም ሲያሽካኩ፣ እሱም አብሮ ሲስቅ። ምን አሉህ ብላው፣ የንግድ ቀልድ ነው ብሏት ነበር። ከማሉዲን ለምን ዓይኑን መሬት ላይ እንደተከለም አሁን ገባት። ያዘነው ለእሷ አልነበረም። ባሏ፣ አባቷ የሳሙና ነጋዴ ያሉት ሰው፣ ወንድ ልጅ በአገሩ ሊሸከመው የሚችለውን የመጨረሻውን ኀፍረት ለሁለት ዓመት ተሸክሞ፣ አንድ ቀን እንኳ ከበደኝ ሳይላት አብሯት ኖሯል። ጀውሀራ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠች የሆነ ታላቅ ነገር ፊት የቆመች ያህል ተሰማት፤ ጮክ ብላ መተንፈስ እንኳ ድፍረት መሰላት።

መደብሩ ስትደውል ከወንዙ ማዶ፣ ጉምቦ መሆኑን ነገሯት፤ ከድንበር የመጣ ጭነት የሚራገፍበት መጋዘን። ቦዳ ቦዳ የሚሉትን የሞተር ታክሲ አስቁማ ተሳፈረች። ሞተረኛው ድልድዩ ላይ ሲደርስ መኪኖቹ ተጨናንቀው ቆሙ። ከታች ነጭ ዓባይ ሰፍቶ፣ አረንጓዴ ሣር ተሸክሞ ይወርዳል። ሞተረኛው «ማሊሽ፣ ማማ» እያለ ስለ መንገዱ ይቅርታ ይጠይቃታል፤ እሷ ግን በእግሯም ቢሆን ለመሻገር ዝግጁ ነበረች።

ሳሊሕን ያገኘችው መጋዘኑ አጠገብ፣ ፒክአፑ ውስጥ ነው። ሠራተኞቹ ያራግፋሉ፤ እሱ አያያቸውም። አምስቱ መስመር የተጻፈባት ወረቀት ጉልበቱ ላይ ናት። በሩን ከፍታ ጎኑ ተቀመጠች። ፊቱ በአንድ ጠዋት የከሳ መሰላት።

«ሦስት ጊዜ አነበብኩት» አላት ሳያያት። «ያጎደልኩት እኔ ነኝ የሚለው ጋ ስደርስ ማንበብ ያቅተኛል።»

የእናቱን ደብዳቤ አቀበለችው። በዝግታ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበው። ሲጨርስ እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሌባ አንገቱን ደፋ።

«ለምን?» አለችው።

«ሐኪሟ የነገረችሽን ብነግራቸው ስምሽ የአገሩ አፍ ማሟሻ ይሆን ነበር።»

«ያንተስ ስም?»

«የኔ ስም ይችለዋል።»

«ሳሊሕ፣ ውሸት ነው እኮ።»

ያኔ ዞሮ አያት። ውሉን ስታነብለት ያያት በነበረው ዓይን፣ ሳይሸሽ። «ልጅ የሌለሽ አንቺ ብቻ ነሽ?» አላት። «እኔም የለኝም። ሁለታችን የለንም። ከሁለታችን አንዳችን ይጠየቅ ከተባለ እኔ ልጠየቅ አልኩ። ይሄ ውሸት ከሆነ አላህ ይጠይቀኝ።»

ጀውሀራ እጁን ሳበችና፣ ከጀሪካንና ከካርቶን ጋር ሲታገል የሻከረውን መዳፉን ዓይኖቿ ላይ አሳረፈችው። እንባዋ በጣቶቹ መሃል ወረደ። ከኖረችባቸው ዓመታት ሁሉ ያን ሰዓት ያህል ሰው ሆና የተሰማት ጊዜ የለም።

ቆየት ብላ የታተመውን ምስል አወጣችና አሳየችው። የትኛዋ እንደሆነች በጣቷ ጠቆመችው፤ ስንት ወር ሲጠብቋት እንደነበረ፣ ዛሬና ነገ ብቻ እንደሆነች ነገረችው። ሳሊሕ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ ያዘው። ትልቁ አውራ ጣቱ ከጥቁሯ ክብ አጠገብ ቆመ፤ ሊነካት ግን አልደፈረም።

«ይቺ?»

«ይቺ።»

«ሱብሃነላህ» አለ፤ ድምፁ መስጊድ ውስጥ እንዳለ ሰው ዝቅ ብሎ። «ማን ነግሯት ነው የበሰለችው?»

ወዲያው ወደ ቤት እንሂድ አላት። እሷ ግን መጀመሪያ ለእናቱ ልትደውል እንደሆነ ነገረችው። ተይው አላት። ካረገዝሽ በኋላ እኔ ራሴ እነግራታለሁ አላት። ጀውሀራ በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። አገሩ ሁሉ መካን ነው ያለው ሰው ሚስቱ ብታረግዝ ሰው ምን እንደሚል ታውቃለች። ከዚያ በላይ ግን፣ እጇ ባዶ ሳለ፣ ምንም የምታሳያቸው ሳይኖራት መናገር ፈለገች። እሱ የከፈለውን ያህል እሷም ልትከፍል።

እማማ ሺፋ በሦስተኛው ጥሪ አነሡት። ጀውሀራ ሰላምታውን አሳጥራ፣ ደብዳቤው እንደደረሳት ነገረቻቸው። ከዚያ ቀጠለች።

«እማማ፣ ሳሊሕ ጤነኛ ነው። ችግሩ እኔ ጋ ነው። የወር አበባዬ አይስተካከልም፣ እንቁላሌ በጊዜው አይበስልም፤ እየታከምኩ ነው። መውለዴን የሚያውቅ የለም። እሱ ነው ስሜን ሊሸፍን ብሎ የራሱን ያቆሸሸው። አሁን ሁሉን አውቀዋል። የሚፈርዱትን እቀበላለሁ።»

በስልኩ ውስጥ የዶሮ ድምፅና የሆነ ልጅ ሲሮጥ ብቻ ይሰማ ነበር። ሳሊሕ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጧል። ጀውሀራ መስመሩ የተቆረጠ መስሏት ስክሪኑን አየች።

«እንግዲያው» አሉ እማማ ሺፋ በመጨረሻ፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ ዱዓዬን በተሳሳተ ሰው ላይ ሳፈስ ኖሬያለሁ በዪኛ።»

ጀውሀራ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች።

«ያን ልጅ ለወንድነቱም ለስሙም ሳይሳሳ ሲያድግ ሳየው ሞኝ ነው እል ነበር። ሞኝ አልነበረም» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ዱዓውን ወደ አንቺ አዞረዋለሁ። የማሕፀን ነው ወይስ የወገብ? በትክክል ንገሪኝ፤ ዳግም እንዳልሳሳት።»

ጀውሀራ እያለቀሰች ሳቀች። ፒክአፑ ውስጥ፣ በጉምቦ አቧራና በተሲያት ፀሐይ መሃል ቁጭ ብላ፣ ለአንዲት ፊደል ላልቆጠሩ እናት ስለ እንቁላሏ አንድ በአንድ አስረዳቻቸው። እሳቸውም አላፈሩም፤ እሷም አላፈረችም። ስልኩን ስትዘጋ ሳሊሕ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ያ ወር አልያዘም። ደሙ ሲመጣ ጀውሀራ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አለቀሰች፤ በሩን ግን አልቆለፈችም፤ ሳሊሕም ገብቶ ከሲሚንቶው ወለል ላይ አብሯት ተቀመጠ። ቀጣዩም ወር አልያዘም። እማማ ሺፋ በየአርቡ እየደወሉ፣ ዱዓ ጊዜውን ይጠብቃል ይሏታል። እህቶቻቸውን ሰብስበው ምን እንደነገሯቸው ባይታወቅም፣ ስለ ሳሊሕ የሚቀለደው ቀልድ እንደቆመ ከማሉዲን መጥቶ ነገራቸው፤ ያን ቀን ገብቶ ተቀመጠ፣ ምሳም በላ።

በአምስተኛው ዙር፣ ዝናቡ ሳያቋርጥ በሚወርድበት ሳምንት፣ ሁለቱም ዶክተር ኒያማል ዘንድ ሄዱ። እርግዝናው በሽንት ምርመራ ከታየ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ እስካሁን ግን ለማንም አልተናገሩም። ሳሊሕ የአልትራሳውንዱ ክፍል በር ላይ ሲደርስ ጫማውን አወለቀ። ዶክተሯ፣ አያስፈልግም፣ ግባ አለችው። እሱ ግን በካልሲው ገብቶ ግድግዳውን ተጠግቶ ቆመ።

ስክሪኑ ላይ ጥቁር ሜዳ መጣ። በሜዳው ውስጥ የባቄላ ፍሬ እንኳ የማታክል ነጭ ነገር ተኝታለች። በፍሬዋ መሃል ደግሞ አንዲት ብልጭታ፣ ፈጣን፣ ሳትደክም፣ ትበራለች፣ ትጠፋለች፣ ትበራለች።

«ልቡ ነው» አለች ዶክተር ኒያማል።

ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ይደበድባል። ጀውሀራ ብልጭታውን አየችው፤ ከዚያ ዓይኗ ሳታዘው ወደ ባሏ ሄደ። ሳሊሕ እጁን እንደ ሶላት ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ አፉ በትንሹ ተከፍቶ፣ እንባው ጺሙ ላይ እየወረደ ሊጠርገው እንኳ ሳያስታውስ ቆሟል። ከሁለቱ የቱን እንደምታይ ግራ ገባት፤ ሁለቱም እሷን ብለው የመጡ ተአምር መሰሏት፤ ለሁለቱም የሚበቃ ዓይን አጣች።